ተቀጣሪ ወይስ ተቋራጭ? የሚለየው ወረቀቱ ሳይሆን ሥራው ነው

(ጅማ ውስጥ ለነጋዴዎች፣ ለሒሳብ ባለሙያዎችና ለሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ የጅማ ነጋዴዎች፣ የሆቴልና የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ከኋላ የቆማችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! አካም ጅርቱ! የቡና ሰሞን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጣብብ አውቃለሁ። መጋዘናችሁን ለሰው ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፊት ወንበር አለ፤ ግቡ እንጂ፣ አትቁሙ።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። የምታሠሩት ሰው ተቀጣሪያችሁ ነው ወይስ ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ? ብዙዎቻችሁ «ይኼማ ውሉ ላይ ተጽፏል» ትሉኛላችሁ። እኔም በጥብቅና ሥራዬ እነዚህን ውሎች በየጊዜው አነባቸዋለሁ። ርዕሱ «የአገልግሎት ውል» ይላል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በሥራ ላይ ይገኛል፤ ያለ ፈቃድ አይቀርም፤ የቅርብ አለቃውን ትእዛዝ ይፈጽማል» ይላል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ተቋራጭ ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው? ተቋራጭ የቅርብ አለቃ አለው?

ነገሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ ሕጉ ተቀጣሪ የሚለው ማንን እንደሆነ፤ ቀጥሎ ግብሩንና ጡረታውን፤ በመጨረሻ ደግሞ ሰው ሲጎዳና ሲሰናበት ምን እንደሚመጣ። በመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም እሱ ካልገባን የቀረው ሁሉ አይገባንም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 4ን እዩት። አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት፣ በአሠሪው ሥልጣን ሥር ሆኖ ለመሥራት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከተስማማ የሥራ ውል አለ ይላል። ጊዜው የተወሰነ ይሁን፣ ያልተወሰነ ይሁን፣ ሥራው የቁርጥ፣ ማለትም በተሠራው ልክ የሚከፈልበት ይሁን፣ ለውጥ የለውም። አንቀጽ 3 ደግሞ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። የገቢ ግብር አዋጁም፣ ቁጥር 979/2008 ማለቴ ነው፣ በዚያው መስመር ነው የሚሄደው። በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር አገልግሎት የሚሰጥ ተቀጣሪ ነው፤ ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የመወሰን ሥልጣን በአብዛኛው በራሱ እጅ ያለ ከሆነ ደግሞ ራሱን የቻለ ተቋራጭ ነው።

አያችሁ? ሁለት አዋጅ፣ አንድ መለኪያ። ሥራውን የሚመራው ማን ነው? የሚቆጣጠረው ማን ነው? «ርዕሱ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሕግ የለም።

አባቴ እዚሁ ሒርማታ አካባቢ እንጨት ሠሪ ነበር። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሦስት እግር የሚወጣለት። መጥረቢያው የእሱ፣ መሮው የእሱ፣ እንጨቱንም የሚገዛው እሱ ነው። አንድ ደንበኛ መጥቶ «ለዓርብ አድርስልኝ» ሲለው «ዓርብ አልችልም፣ ማክሰኞ ና» ይለው ነበር። ዋጋውን ይነግራል፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። እግሩ ከተሰነጠቀ በራሱ እንጨት እንደገና ይሠራል እንጂ ደንበኛውን ሌላ ሳንቲም አይጠይቅም። ሥራ ሲበዛበት የጎረቤቱን ልጅ ጠርቶ ያሠራል፤ ደንበኛው «ለምን አንተ ራስህ አልሠራኸውም» አይለውም። ትርፉም ኪሳራውም የእሱ ነው። ተቋራጭ እንዲህ ነው። «ተቋራጭ ነው» የምትሉትን ሰው ከዚህ ሰውዬ አጠገብ አቁማችሁ እዩት። መሣሪያው የማን ነው? ሰዓቱን ማን ወሰነው? በራሱ ፋንታ ሌላ ሰው መላክ ይችላል? ለሌላም ይሠራል? ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው?

አሁን በእጄ ያለፈ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ድርጅቱን አልጠራም፣ ከተማውንም አልጠራም። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አምስት ዓመት ዘበኛ ሆኖ አንድ በር ላይ ቆሟል። በየዓመቱ «የጥበቃ አገልግሎት ውል» የሚባል ወረቀት ይፈርማል። አንድ ቀን «ውልህ አልቋል» ተብሎ ወጣ። ክስ መሠረትን። ድርጅቱ «ሠራተኛችን አይደለም፣ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሰጪ ነው» ብሎ መልስ ሰጠ። ቀጠለና ሰውዬው ሥራውን በአግባቡ አይሠራም ነበር ለማለት ምን ማስረጃ ቢያቀርብ ጥሩ ነው? ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ «ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ደብዳቤ። ውስጡ «በቀን እንዲህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በተደረገ ቁጥጥር የደንብ ልብስዎን ሳይለብሱ ስለተገኙ» ይላል። ግልባጭ ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ግልባጭ ለግል ማኅደር። ዳኛዋ ደብዳቤውን ገልበጥ አድርገው አዩና «የግል ማኅደር አለው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። የድርጅቱ ተወካይ መልስ አልነበረውም። የሰዓት ፊርማው መዝገብም መጣ፤ በየቀኑ ፈርሟል። የሥራ ውል መኖሩን ያስረዳው ድርጅቱ ራሱ ያመጣው ወረቀት ነው።

ወንድሞቼ፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የምትጽፉለት ሰው ሠራተኛችሁ ነው። የሰዓት ፊርማ የምታስፈርሙት ሰው ሠራተኛችሁ ነው። የደንብ ልብስ ሰፍታችሁ «ያለዚህ እንዳትገባ» የምትሉት ሰው ሠራተኛችሁ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚቀላቀል ነገር አለ። «እሱ እኮ የኮንትራት ሠራተኛ ነው» ይባላል። የኮንትራት ሠራተኛ ማለት ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው፤ ተቋራጭ አይደለም። ግብሩም፣ ጡረታውም፣ ዓመት ፈቃዱም አለ። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠርም ቢሆን እንደፈለጉ የሚደረግ አይደለም። አዋጁ አንቀጽ 9 ላይ ውል ያልተወሰነ ጊዜ እንደሆነ ይገምታል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። የዘበኛ ሥራ በየዓመቱ አያልቅም፤ በሩ እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

በሌላ በኩል አንቀጽ 10 ለእኛ ለጅማ ሰዎች የሚሆን ነገር አለው። በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ወቅት ብቻ የሚሠራ፣ ግን በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ሊቀጠርበት ይችላል። ቡናን አይመስልም? የማጠቢያ ጣቢያ ያላችሁ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሰው የምትፈልጉ፣ ሕጉ መንገድ ሰጥቷችኋል። የወቅት ሠራተኛ ብላችሁ በጽሑፍ ቅጠሩ፤ ወቅቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ይህ ሕጋዊ መንገድ እያለ «ተቋራጭ» የሚል ሽፋን መፈለግ ለምን አስፈለገ?

ስለ ቡና ካነሳሁ ለቃሚዎቹን ሳልጠቅስ አላልፍም። ይኼ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል። እዚህ አገር መጋዘን ገብቶ የማያውቅ የለም። ሴቶቹ በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነፍሳት የበላውን ፍሬ በጣታቸው እየለዩ ያወጣሉ። ማታ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ በኪሎ ይታሰባል። ባለ መጋዘኑን «ሠራተኞችህ ስንት ናቸው?» ብትሉት «ስምንት» ይላችኋል፤ ጸሐፊዋን፣ ሒሳብ ሠራተኛውን፣ ሾፌሩን፣ ዘበኞቹን ቆጥሮ። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ስልሳ ሴቶችስ? «እነሱ በኪሎ ነው የሚከፈላቸው።»

በኪሎ መከፈል ምን ይለውጣል? የቁርጥ ሥራን አንቀጽ 4 ራሱ በስም ጠርቶታል! ክፍያ የሚሰላበት መንገድ ነው እንጂ የሰውየውን ማንነት አይለውጥም። በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ባለ መጋዘኑ ይወስናል። ቡናው የእሱ ነው። ተቆጣጣሪ ቆሞ «ይኼ አልተለቀመም፣ ድገሚው» ይላል። ሳትነግር የቀረች ሴት ነገ ቦታዋን ሌላ ይዞት ታገኛለች። እነዚህ ሴቶች በየትኛው መለኪያ ነው ነጋዴ የሚሆኑት? ሠራተኛ ናቸው። ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ የምትወልደዋ ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነክፍያው የወሊድ ፈቃድ አላት። ምን ያህሎቹ ይህን ያውቃሉ? ምን ያህሎቻችን ነግረናቸዋል?

የግል ትምህርት ቤትና ኮሌጅ ያላችሁ፣ ስለ ፓርት ታይም መምህራን በአጭሩ ልበል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ብቻ ማስተማሩ መምህሩን ተቋራጭ አያደርገውም። አንድ ሰው የሁለት ቦታ ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳውን፣ ክፍሉን፣ ሥርዓተ ትምህርቱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ወደ ገንዘቡ። እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ።

በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሰው እንውሰድ። ተቋራጭ ነው ብላችሁ ከያዛችሁት የምትቀንሱት ቢበዛ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚቀነሰውን ግብር ነው። ይህ ተቀናሽ 2 በመቶ ነበር፤ በ2017 በወጣው ማሻሻያ፣ በአዋጅ 1395፣ 3 በመቶ ሆኗል። ከ6,000 ብር ላይ ቢቀነስ እንኳ 180 ብር ነው። ሰውየው በርግጥ ተቀጣሪ ከሆነስ? በአዲሱ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር ይሆናል። የቀረው 2,000 በ20 በመቶ 400 ብር። ድምሩ 700 ብር የሥራ ግብር ነው። ከ180 ጋር ያለው ልዩነት 520 ብር።

ጡረታውን ጨምሩበት። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። 420 ሲደመር 660፣ 1,080 ብር። ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ በየወሩ ቢያንስ 1,600 ብር ሳይከፈል ይቀራል። በዓመት 19,200። እንዲህ ያለ አሥር ሰው ያለው ድርጅት በዓመት 192,000 ብር ማለት ነው።

«የሠራተኛው ድርሻማ ከሠራተኛው ይጠየቃል» የሚል አለ። አይደለም። ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ያለበት ሰው ሳይቀንስ ከቀረ ራሱ ተጠያቂ ነው። የገቢዎች ቢሮው የሚመጣው ወደ ዘበኛው ቤት ሳይሆን ወደ እናንተ ነው። ጡረታውም እንደዚያው፤ ሳይቀነስ የቀረውን አሠሪው ይከፍላል። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ የወጣ ሠራተኛ ፈልጋችሁ 7 በመቶውን መልስልኝ ልትሉት ነው?

ከዚህ በላይ ቅጣቱ አለ። የታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 983/2008፣ ሳይቀነስ በቀረው ግብር ላይ 10 በመቶ ይጥላል። ክፍያው ለዘገየበት ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ። ወለዱ ደግሞ ለብቻው ይሰላል። ባለሥልጣኑ የግብር ስሌቱን ወደኋላ አምስት ዓመት ተመልሶ ማሻሻል ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። አሁን 192,000ውን ይዛችሁ ወደኋላ ሂዱ። በዓመት ጥቂት ሺህ ብር አተረፍን ብለን ሱቅ የሚያዘጋ ዕዳ እናጠራቅማለን።

ከኋላ አንድ ወንድሜ እጁን አውጥቷል። እ? «ሰውየው ራሱ አትቀንሱብኝ ይላል።» ትክክል ነህ፣ ይላል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ኑሮው ከብዷል፤ 420 ብር ለእሱ የልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህ መብት በስምምነት የሚተው አይደለም። ከ7ቱ ጋር የእናንተ 11 እንደሚገባለት ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። 60 ዓመት ሲሞላው ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። አሥር ዓመት «በአገልግሎት ውል» የሠራ ሰው ግን ምን ያገኛል? አሥር ቁራጭ ወረቀት።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ጉዳትና ስንብት።

በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም ተጠያቂ ነው። አዋጁ በግልጽ አስቀምጦታል። የጡረታ ሕግ የሚሸፍነው ሠራተኛ የጉዳት ክፍያውን ከዚያ ያገኛል። ያልተሸፈነው ግን? ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ አሠሪው ከኪሱ ይከፍላል። ያንኑ የ6,000 ብር ሰው አስቡት። በዓመት 72,000። አምስት እጥፉ 360,000 ብር። በወር 660 ብር ላለማዋጣት ብለን የከፈትነው በር ይኼ ነው። ሕንፃ የምታሠሩ፣ ጋራዥ ያላችሁ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ያላችሁ፣ ይህን ቁጥር ያዙት።

ስንብቱን ደግሞ በዘበኛው ጉዳይ መንገድ እናስላው። ወር 6,000፣ ቀኑ 200 ብር፣ አገልግሎቱ አምስት ዓመት። በሕገወጥ መንገድ ተሰናብቶ ወደ ሥራ ካልተመለሰ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ፣ 36,000 ብር። የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው፣ 12,000 ብር። የስንብት ክፍያ የሚገባው ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፤ 6,000 ሲደመር አራት ጊዜ 2,000፣ 14,000 ብር። 62,000 ብር ሆነ። ያልተወሰደውን ዓመት ፈቃድ አልጨመርኩም።

ሠራተኞች የሆናችሁ ደግሞ ይህን ስሙ፤ ጊዜ አታባክኑ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበታችሁበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ ሌላም ክፍያ መጠየቅ ስድስት ወር ነው። «ሽማግሌ እየተነጋገረልኝ ነው» ብሎ ቆይቶ መብቱን ያጣ ስንት ሰው አለ! ሽማግሌው ይነጋገር፤ ክሱም ይግባ። የጽሑፍ ውል ከሌላችሁ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበት መግለጫ ሊሰጣችሁ ግዴታ አለበት። የጽሑፍ ውል ስላልነበረ ብቻ ሠራተኛ አልነበርክም የሚላችሁ ሕግ የለም።

እውነተኛ ተቋራጭን አትቅጠሩ እያልኩ አይደለም። ጅማ ውስጥ ስንት ጎበዝ ቧንቧ ሠሪ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት አለ! ከእነሱ ጋር ስትሠሩ ውሉ ሥራውንና ውጤቱን ይናገር፤ ሰዓቱን አይናገር። ንግድ ፈቃዱንና ቲኑን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ማለቴ ነው፣ ጠይቁ። የገቢ ግብር አዋጁ ቲን ለማያቀርብ ሰው ተቀናሹን 30 በመቶ ያደርገዋል። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብ ወጪ ሆኖ አይያዝላችሁም። የቀነሳችሁበትን ደረሰኝ ደግሞ ስጡት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከግብሩ ላይ የሚያቀናንሰው በዚያ ነው። ብዙ ወጣት ባለሙያ ተቀንሶበት ወረቀቱ ስላልተሰጠው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይኼ ግፍ ነው።

አሁን ከዚህ ስትወጡ ምን ታደርጋላችሁ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የምትከፍሉትን ሰው ሁሉ ስም ዝርዝር አውጡ፤ ፔይሮል ላይ ያለውንም የሌለውንም፣ በኪሎ የሚከፈለውንም። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሰዓቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ መሣሪያው የማን እንደሆነ፣ ለሌላ ይሠራ እንደሆነ ጻፉ። ሠራተኛ ሆኖ የተገኘውን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ፔይሮል ውስጥ አስገቡት፤ የጡረታ ቁጥር አውጡለት። ያለፈውን በተመለከተ ኦዲት መጥቶ ከሚያገኘው ይልቅ ራሳችሁ ሒሳቡን ሠርታችሁ ወደ ገቢዎች ብትሄዱ ይሻላል፤ ቅጣቱ በየወሩ የሚቆጥር ስለሆነ ዛሬ የቆመ ዕዳ ከነገው ያንሳል። ዝርዝሩን ለመሥራት የተቸገረ ካለ ሻይ ሲቀርብ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን እንሠራዋለን፤ የውል ናሙናዎችም ይዣለሁ፣ አንዱ ለወቅት ሠራተኛ፣ አንዱ ለተቋራጭ።

ጥያቄ እንቀበል። ቅድም የማጠቢያ ጣቢያ አለኝ ያሉት እናት እጃቸውን ቀድመው አውጥተው ነበር፤ ከእሳቸው እንጀምር። ማይኩን ስጧቸው።